የካናዳ ነባር ሕዝቦች የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ክፍያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካናዳ የምንኖር ሐበሾች ቡና ላይ ስንገናኝ ከሚነሱ ጥያቄዎች የተሰበሰበ ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነባር ሕዝቦች የሚባሉት እነማን ናቸው?

የካናዳ ሕገ መንግሥት ሦስት ሕዝቦችን ያውቃል፦ ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑዊትና ሜቲስ። ፈርስት ኔሽንስ የሚባሉትን ሕጉ እስከ ዛሬ «ኢንዲያን» ነው የሚላቸው። ሰው ፊት ግን እንደዚያ አይባልም፣ ያስቀይማል። ኢኑዊት የሰሜኑ የበረዶ አገር ሰዎች ናቸው። ሜቲስ ደግሞ ከነባሮቹና ከአውሮፓ ከመጡ የፀጉራም ቆዳ ነጋዴዎች ጋብቻ የወጣ፣ የራሱን ቋንቋና ባህል ያበጀ ሕዝብ ነው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ሦስቱ ተደምረው 1.8 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ከአገሩ ሕዝብ 5 በመቶ ማለት ነው።

ሁለት ቃላት ከአሁኑ ይታወቁ። «ባንድ» ማለት በሕግ የታወቀ የፈርስት ኔሽንስ ማኅበረሰብ ነው፤ ከ600 በላይ አሉ። «ስታተስ» ማለት ደግሞ በፌዴራል መንግሥቱ የፈርስት ኔሽንስ መዝገብ ስምህ መኖሩ ነው። የትምህርት ገንዘቡ የተያያዘው ከዚህ መዝገብ ጋር ስለሆነ፣ ከታች ያለውን ሁሉ ለመረዳት ይሄ ይጠቅማል።

ለምንድን ነው መንግሥት የሚከፍልላቸው?

ውል ስላለ ነው። ከ1871 እስከ 1921 ባለው ጊዜ የእንግሊዝ ዘውድ ከፈርስት ኔሽንስ ጋር 11 ባለ ቁጥር ውሎች ተፈራርሟል። ኤድመንተን የምትኖር ከሆነ የቆምከው የውል ቁጥር 6 መሬት ላይ ነው፤ 1876 የተፈረመ። ካልጋሪ ቁጥር 7 ነው፣ ዊኒፔግ ቁጥር 1። በውል ቁጥር 6 ዘውዱ ከገባቸው ቃሎች አንዱ፣ ማኅበረሰቡ ሲፈልግ በየሪዘርቩ፣ ማለትም ለእነሱ በተከለለው መሬት፣ ትምህርት ቤት ማቆም ነው። ያኔ ሽማግሌዎቹ የሚተዳደሩበት ጎሽ እያለቀ እንደሆነ አይተዋል። ልጆቻቸው በአዲሱ ኑሮ እንዲቆሙ ትምህርት ጠየቁ። መሬቱ ሄደ፣ ትምህርቱ የዋጋው አካል ሆነ።

ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤት እንጂ ኮሌጅ አልተባለም ይላል የመንግሥት ወገን፤ የኮሌጅ ድጋፍ በበጎ ፈቃድ የሚሰጥ የማኅበራዊ ፖሊሲ ጉዳይ ነው ብሎ ይይዘዋል። ፈርስት ኔሽንስ ደግሞ መብታችን ነው ይላሉ። ልዩነቱ ቃል ብቻ አይደለም። መብት ከሆነ በጀት ጠበበ ተብሎ አይቆረጥም። በጎ ፈቃድ ከሆነ ግን በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው።

እኔ የማየው እንዲህ ነው። በ1876 ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው እንጀራውን ያገኝ ነበር። ዛሬ ለዚያው እንጀራ ዲፕሎማ ይጠየቃል። ውሉ የተፈረመው ልጆቹ በራሳቸው እንዲቆሙ ከሆነ፣ 8ኛ ክፍል ላይ የሚቆም ቃል ኪዳን ቃል ኪዳን አይደለም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ከ1983 ጀምሮ፣ ውሎቹ ሰፋ ተደርገው ይተርጎሙ፣ አሻሚ ቃል ሲኖር ለነባሮቹ ያድላ ብሎ መርሕ አስቀምጧል። እኛስ ቃል የእምነት ዕዳ ነው እያልን አይደል ያደግነው?

ገንዘቡ ተማሪው እጅ የሚደርሰው እንዴት ነው?

ዋናው መንገድ የፌዴራሉ የተማሪዎች ድጋፍ ፕሮግራም ነው። ሰው በአጭሩ «ባንድ ፈንዲንግ» ይለዋል። በጀቱን ፓርላማ ያጸድቃል፣ የነባር ሕዝቦች አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ያከፋፍላል፣ በአብዛኛው ባንዶቹ ራሳቸው ለተማሪ ይሰጣሉ። ለክፍያ፣ ለመጻሕፍት፣ ለትራንስፖርትና ለኑሮ ይውላል። ኮሌጅ ለመግባት ማሟያ ኮርስ ለሚወስዱም የተለየ ድጋፍ አለ።

የባንዱ የትምህርት ኃላፊ ማነው ብለህ ብትጠይቅ ብዙ ቦታ አንዲት ሴት ናት፤ ጠረጴዛ፣ ስልክና የማመልከቻ ክምር ያላት። የተሰጣት ገንዘብ ቁርጥ ነው። ያመለከተው ሰው ግን ቁርጥ አይደለም። ስለዚህ የባንዱ ደንብ ቅደም ተከተል ያወጣል፦ ብዙ ጊዜ የጀመሩት ይቅደሙ፣ ከዚያ ዘንድሮ 12ኛን የጨረሱ፣ ከዚያ ትምህርት አቋርጠው የተመለሱ። ገንዘቡ የሚያልቅበት ቦታ ላይ መስመር ይሰመራል። ከመስመሩ በታች ያለው ሰው ዘመዷ ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤቷ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ማኅበረሰብ ነው፤ ገበያ ላይ ትገናኛለች።

ታዲያ ሁሉም በነጻ ነው የሚማሩት አይደል?

አይደለም። በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። ስታተስ የሌለው በዚህ ፕሮግራም አይታቀፍም። ስታተስ ያለውም ቢሆን ገንዘብ ሲኖር ነው የሚያገኘው። የሚያገኘውም ሙሉ ወጪውን ላይሸፍንለት ይችላል። ወረፋ የሚጠብቁ አሉ፣ ጠብቀው ሲሰለቻቸው የሚተዉትም አሉ።

የነርስነት ትምህርት ስማር አብራኝ የነበረች ልጅ ከሰሜን ሳስካችዋን የመጣች ነበረች። ሁለት ልጆች አሏት። መስከረም ላይ ገንዘቧ አልደረሰም ነበር፤ እኔ ወዲያው የገዛሁትን ወፍራም መጽሐፍ እሷ ከላይብረሪ በሁለት በሁለት ሰዓት እየተዋሰች ታነባለች። ምሳ ሰዓት ላይ ምዕራፉን በስልኳ ፎቶ ታነሳና ማታ ልጆቹ ሲተኙ ታነበዋለች። «አንቺ እኮ መንግሥት ነው የሚከፍልልሽ» ያላት ሰው ግን ክፍላችን ውስጥ አልጠፋም። መልስ አልሰጠችውም። ስልኳን ወደ ቦርሳዋ ከታ ወጣች።

«የሁለት ፐርሰንት ጣሪያ» ሲሉ እሰማለሁ፤ ምንድን ነው?

በ1990ዎቹ አጋማሽ ካናዳ የበጀት ጉድለት ለመዝጋት ወጪ ስትቆርጥ፣ ለፈርስት ኔሽንስ አገልግሎቶች የሚሰጠው ገንዘብ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተወሰነ። ዓመቱ 1996 ነው። የተማሪዎች ድጋፉም በዚህ ስር ገባ። ለጥቂት ጊዜ ተብሎ የመጣ ነገር 20 ዓመት ቆየ።

ሁለት በመቶ ዕድገት ነው፣ ምን ችግር አለው? ይላል ሰው። እስቲ በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል አንድ ባንድ 400 ሺህ ዶላር አለው እንበል። አንድ ተማሪ ክፍያውና ኑሮው ተደምሮ በዓመት 20 ሺህ ይፈጃል። ስለዚህ 20 ተማሪ ይልካል። ገንዘቡ በየዓመቱ በ2 በመቶ ያድጋል፣ የተማሪው ወጪ ደግሞ በ5 በመቶ። በሚቀጥለው ዓመት 408 ሺህ ዶላር አለው፣ አንድ ተማሪ 21 ሺህ ይፈልጋል። 19 ተማሪ ልኮ ይቀራል። ከ10 ዓመት በኋላ ባንዱ 487 ሺህ 600 ዶላር ገደማ አለው፣ ተማሪው 32 ሺህ 600 ገደማ ይፈልጋል። አሁን 14 ተማሪ ነው። 15ኛዋ በ1 ሺህ ዶላር ገደማ ትቀራለች። ማንም ምንም አልቆረጠም። ወረቀቱ ላይ በጀቱ በየዓመቱ «ጨምሯል»። ስድስት ልጆች ግን ቤታቸው ቀርተዋል።

ይሄም የአመልካቹ ቁጥር ባለበት ቢቆም ነው። አልቆመም። ነባር ሕዝቦች ከሌላው ካናዳዊ በዕድሜ ወጣት ናቸው፣ በፍጥነትም ይጨምራሉ። ሌላም አለ። ስታተስ የሌለው ወንድ ያገቡ ሴቶች በድሮው ሕግ ከመዝገብ ይሰረዙ ነበር። በ1985 ሕጉ ሲሻሻል ብዙዎቹና ልጆቻቸው ተመለሱ። ትክክል ነው፣ መመለስም ነበረባቸው። ግን መብቱ ሲመለስ ገንዘቡ በዚያው ልክ አብሮ አልመጣም። ወረፋው ረዘመ።

ተማሪዎቹ ዝም አላሉም። ከዚህ ጣሪያ በፊትም፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ መንግሥት የትምህርት ድጋፉን መገደብ ሲጀምር፣ በ1989 ወጣቶች በየከተማው ሰልፍ ወጡ፤ የረሃብ አድማ የመቱም ነበሩ። ዛሬ ያለው ፕሮግራም የዚያ ትግል ምልክት አለበት።

ጣሪያው ተነስቷል አይደል እንዴ? አሁን ምን ቀረ?

ተነስቷል። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ በ2015 ሲመረጡ ለማንሳት ቃል ገቡ፣ ከ2016 ጀምሮ ተጨማሪ ገንዘብ መምጣት ጀመረ። በ2017 በጀት ለተማሪዎች ድጋፉ በሁለት ዓመት 90 ሚሊዮን ዶላር ተጨመረ። በ2019 በአምስት ዓመት 327.5 ሚሊዮን። በ2024 ደግሞ በሦስት ዓመት 242.7 ሚሊዮን። ይሄ ቀላል አይደለም፣ ትምህርታቸውን በዚህ ገንዘብ የጀመሩ ሰዎች አሉ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ 20 ዓመት የተጠራቀመ ጉድለት በዓመታዊ ጭማሪ አይሞላም። ቤት ኪራይ ስድስት ወር ሳትከፍል ቆይተህ ከሰባተኛው ወር ጀምሮ በሰዓቱ ብትከፍል ውዝፉ የት ይሄዳል? ሁለተኛ፣ ቁጥሮቹን ደግማችሁ ተመልከቱ፦ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። ዲግሪ አራት ዓመት ይፈጃል። ሐኪም ለመሆን ከዚያ እጥፍ። ዘንድሮ የመጀመሪያ ዓመት የገባች ልጅ አራተኛ ዓመት ላይ ስትደርስ ገንዘቡ መኖሩን የትምህርት ኃላፊዋ በእርግጠኝነት ልትነግራት አትችልም።

ኢኑዊትና ሜቲስስ?

ለረጅም ጊዜ ሜቲስ ከዚህ ሁሉ ውጪ ነበሩ። ፌዴራሉ የክፍለ አገሩ ጉዳይ ነው ይላል፣ ክፍለ አገሩ የፌዴራሉ ነው ይላል። በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜቲስና ስታተስ የሌላቸውም በፌዴራሉ ሥልጣን ሥር ናቸው ብሎ ወሰነ። ፍርዱ በራሱ ብር አልሰጠም። የመገፋፋቱን በር ግን ዘጋ። የ2019 በጀት ለሜቲስ በ10 ዓመት 362 ሚሊዮን፣ ለኢኑዊት በ10 ዓመት 125.5 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ሁለቱም በራሳቸው ድርጅቶች የሚመራ ስትራቴጂ እንዲኖራቸው አደረገ።

የኢኑዊቱን ነገር ከርቀቱ ጋር ነው ማየት። ኑናቩት ውስጥ 25 መንደሮች አሉ፤ እርስ በርስ የሚያገናኝ አንድም መንገድ የለም። በአውሮፕላን ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲያምርህ ደቡብ ትሄዳለህ፤ ለቤት፣ ለምግብ፣ ለገና መመለሻ ቲኬት። እንጦጦ ላይ ሆኖ ስድስት ኪሎን ማየት የለመደ ሰው ይሄ ወዲያው አይታየውም።

ያለፈው ታሪክ ከዛሬ ክፍያ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ብዙ። በ1876 የወጣው የኢንዲያን ሕግ እንዲህ ይል ነበር፦ ከነባሮቹ መካከል የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያገኘ፣ ሐኪም፣ ጠበቃ ወይም ቄስ የሆነ ሰው ወዲያውኑ ከኢንዲያንነት ይወጣል። ማለትም በሕግ ፊት ከወገኖቹ ይለያል። ይሄ አንቀጽ በኋላ ላልቷል። ግን አስቡት፤ ልጅህ ተመረቀ ተብሎ እልል ሲባል ያው ልጅ ከርስቱ ይነቀላል። ለሌላው ሰው መሰላል የሆነው ትምህርት ለእነሱ የመውጫ በር ሆኖ ተሠራ።

ከዚያ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ መጡ። ከ150 ሺህ በላይ ልጆች ከወላጆቻቸው ተወስደው ገቡ፣ ቋንቋቸውን ሲናገሩ ተቀጡ፤ ብዙዎች እዚያው ሞቱ። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ መገባደጃ ነው። አያቷ እዚያ ያደጉ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ቤተሰቡ ውስጥ «ትምህርት» የሚለው ቃል ራሱ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው እኛ ልጅ ሆነን «ተማር ልጄ» ስንባል ያደግን ሰዎች ቆም ብለን ማሰብ አለብን። የእነዚህን ትምህርት ቤቶች እውነት አጣርቶ በ2015 የጨረሰው ኮሚሽን ካቀረባቸው 94 ጥሪዎች 11ኛው በቀጥታ የሚናገረው ስለዚህ ገንዘብ ነው፦ የፌዴራል መንግሥቱ ወረፋ ላይ ያሉት ፈርስት ኔሽንስ ተማሪዎች ሁሉ እንዲማሩ በቂ በጀት ይመድብ።

ገንዘቡ ለተማሪ ብቻ ነው? የራሳቸው ኮሌጆችስ አሏቸው?

አሏቸው፣ የሚያኮራ ታሪክም አላቸው። አልበርታ ውስጥ ሴንት ፖል የምትባል ከተማ አጠገብ ብሉ ኩዊልስ የሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። በ1970 መንግሥት ሊዘጋው ሲነሳ ወላጆች ገብተው ተቀመጡ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌ፣ እናት፣ ሕፃን። ሁለት ሳምንት አልፎም አልወጡም። የጠየቁት «ለእኛ አስረክቡን» ነው። ተረከቡ። ካናዳ ውስጥ በነባር ሕዝቦች እጅ የገባ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሆነ። ዛሬ ያው ሕንፃ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ባለቤቶቹ ሰባት ፈርስት ኔሽንስ ናቸው። ድሮ ልጅ የወገኑን ቋንቋ፣ ክሪን፣ ተናገርክ ተብሎ በተመታበት ኮሪደር ዛሬ ክሪ ቋንቋ በኮርስ ይሰጣል።

ሬጃይና ከተማ ደግሞ ፈርስት ኔሽንስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በ1976 ተጀምሮ በ2003 አሁን ያለበትን ሕንፃ አገኘ። መሐሉ ላይ የመስታወት ድንኳን ቆሟል፣ በጦርነት ለዘመቱ ነባሮች መታሰቢያ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ሜሪት ከተማ የኒኮላ ቫሊ ኢንስቲትዩት ከ1983 ጀምሮ ያስተምራል። ኦንታሪዮ በ2017 ለነባር ሕዝቦች ተቋማት ራሱን የቻለ ሕግ አውጥታለች።

ችግሩ የቋሚ በጀት ነው። የታወቁት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከክፍለ አገራቸው በየዓመቱ የሚመጣ መሠረታዊ በጀት አላቸው። ብዙዎቹ የነባር ተቋማት ግን ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት ይዘላሉ። በትምህርት ጉዳይ ክፍለ አገሩ፣ በነባር ሕዝቦች ጉዳይ ፌዴራሉ፤ በሁለቱ መሐል የወደቀ ነገር ማንም አያነሳውም። ማሞቂያውን ለማስጠገን ማመልከቻ የሚጽፍ ዲን ጥሩ መምህር ቀጥሮ ማቆየት አይሆንለትም።

ባንዶቹ ገንዘቡን ያባክኑታል ይባላል፤ እውነት ነው?

ጥያቄው መጠየቁ ክፋት የለውም፣ የሕዝብ ገንዘብ ነው። የፌዴራሉ ዋና ኦዲተር በ2004 ባወጣው ሪፖርት የተማሪዎች ድጋፉን አይቶ ነበር። አንዱ ወቀሳ ገንዘቡ ሁልጊዜ ለታለመለት ተማሪ መድረሱ በደንብ አይታይም የሚል ነው። ግን ወቀሳው የወደቀው በዋናነት በመሥሪያ ቤቱ ላይ ነው፤ ሥርዓቱን የዘረጋው፣ ክፍፍሉን የወሰነው፣ ውጤቱንም ያልተከታተለው እሱ ስለሆነ። ያው ሪፖርት በሪዘርቭ ያለውን የትምህርት ልዩነት ለመዝጋት በያዝነው ፍጥነት 28 ዓመት ያስፈልጋል ብሏል።

የሬጃይናው ፈርስት ኔሽንስ ዩኒቨርሲቲም በ2010 በአስተዳደር ችግር ምክንያት ፌዴራሉም ክፍለ አገሩም በጀቱን አቋርጠውበት ነበር። ችግሩ የፈጠራ አይደለም። ተማሪዎቹና መምህራኑ ግን ተነሱ፣ ቦርዱ ተቀየረ፣ በጀቱ ተመለሰ፤ ዛሬም ክፍል ውስጥ ተማሪ አለ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገንዘብ ቢጎድል ተጠያቂው ይጠየቃል እንጂ «ዩኒቨርሲቲ ለእናንተ አይሆንም» አይባልም። እነሱም የሚጠይቁት ይህንኑ መለኪያ ነው።

ለምን እንደ ሌላው ሰው የተማሪ ብድር አይወስዱም?

ይችላሉ፣ ብዙዎችም ይወስዳሉ። የፌዴራሉ የተማሪ ብድር ከ2023 ጀምሮ ወለድ የለበትም፣ ለሁሉም። ግን ብድር ለሁሉም እኩል አይከብድም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ሐበሾች እዚህ ልጅ ስናስተምር መጨረሻ ላይ የምንደገፍበት ምንድን ነው? ቤት ነው። ሞርጌጅ ከፍለን ከፍለን፣ ዋጋው ሲጨምር ከባንክ እናስወጣለን፣ ለልጁ ክፍያ ይሆናል። ሪዘርቭ ላይ ያለ ቤት እንደዚያ አይሠራም። መሬቱ በዘውዱ ስም ነው፣ በሕጉ መሠረት ሪዘርቭ ላይ ያለን የነባር ንብረት አበዳሪ መጥቶ አይወስደውም። ይሄ ርስቱን ለመጠበቅ የተደረገ ነው። ግን በዚያው ልክ ባንክ በአብዛኛው በቤቱ ላይ አያበድርም። እናትና አባት ዕድሜ ልክ የኖሩበት ቤት ብዙ ጊዜ ለልጅ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶላር አያወጣም። ተማሪዎቹም ብዙ ጊዜ በዕድሜ ከፍ ያሉ፣ ልጆች ያሏቸው፣ ከሩቅ የሚመጡ ናቸው። ሲመረቁ ወደ መንደራቸው ተመልሰው ነርስና አስተማሪ እንዲሆኑ እንፈልጋለን፤ ከዕዳ ጋር የሚወጣ ሰው ግን ደመወዙ ወደሚበዛበት ከተማ ነው የሚሄደው።

እኔም ደሃ ስደተኛ ነኝ፤ ልጄ በብድር ይማራል። ለእነሱ ብቻ መከፈሉ ፍትሕ ነው?

ይሄ ከባዱ ጥያቄ ነው፣ በሹክሹክታም ይነሳል። ታክሲ እየነዳ፣ ሌሊት ፋብሪካ እየሠራ ልጁን የሚያስተምር አባት ሲጠይቀው አልፈርድበትም። ድካሙ እውነት ነው።

ግን የምንጠይቀው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የአንተ ልጅ ብድር ስለ ድህነት ነው። መልሱም ለተቸገረ ሁሉ የሚሰጥ እርዳታ እንዲሰፋ መጠየቅ ነው፣ አብሬህ እጠይቃለሁ። የእነሱ ጥያቄ ግን ስለ ውል ነው። ቤት የሸጠልህ ሰው ቀሪ ሒሳቡን ሲጠይቅህ «ጎረቤቴም ደሃ ነው፣ ለእሱ ግን አልከፈልኩም» አትለውም። ቶሮንቶን እንውሰድ። በ1805 ውል ለዚያ ሰፊ መሬት የተጻፈው ዋጋ 10 ሽልንግ ነው። ያ ጉዳይ በ2010 ነው በ145 ሚሊዮን ዶላር ካሳ የተዘጋው፤ ከ200 ዓመት በኋላ። እኛ የምንከራየው፣ ሬስቶራንት የምንከፍተው፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የምንሠራው በዚህ መሬት ላይ ነው።

ደግሞ ዜግነት የወሰድን ሰዎች እጃችንን አንስተን ምለናል። ከጁን 2021 ጀምሮ መሐላው ሕገ መንግሥቱ የፈርስት ኔሽንስን፣ የኢኑዊትንና የሜቲስን ነባርና የውል መብቶች እንደሚያውቅ በግልጽ ይናገራል። ከኮሚሽኑ 94 ጥሪዎች የመጨረሻው፣ 94ኛው፣ የጠየቀው ይህንን ነበር። ከዚያ በኋላ የማለ ሐበሻ ሁሉ ይህን ቃል በአፉ ብሏል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተባለው የእነሱና የነጮቹ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የውሉ አንዱ ወገን አሁን እኛም ነን።

ስንት ሲሆን ነው «ፍትሐዊ» የሚባለው?

አንድ የተቆረጠ ቁጥር የለም፣ መለኪያ ግን አለ። አሁን ያለው አሠራር መጀመሪያ ኤንቨሎፑን፣ ማለትም የገንዘቡን ልክ፣ ይወስናል፣ ከዚያ ስንት ሰው ይበቃዋል ይላል። መገልበጥ ነው ያለበት። መጀመሪያ ስንት ሰው ኮሌጅ ተቀብሎታል ይባል፣ ትክክለኛ ወጪው የት ከተማ ስንት ነው ይባል፣ ልጅ ያላትና የሌላት ይለዩ። ገንዘቡ ከዚያ ይሰላ። አንድ ተማሪ ሲጀምር እስኪጨርስ የተረጋገጠለት ይሁን። ቋንቋቸውን የሚያስተምሩት ተቋማት እንደ ማንኛውም ኮሌጅ ቋሚ በጀት ይኑራቸው። ክፍፍሉንም ፈርስት ኔሽንስ ራሳቸው ይወስኑ፤ በ1972 የያኔው ብሔራዊ ድርጅታቸው ትምህርታችን በእጃችን ይሁን ብሎ ሰነድ አቅርቦ፣ በማግሥቱ ዓመት መንግሥት በመርሕ ተቀብሎታል። ከ50 ዓመት በላይ ሆነው።

ልዩነቱ አሁንም ሰፊ ነው። በ2021 ቆጠራ ከ25 እስከ 64 ዓመት ካሉ ነባር ሕዝቦች የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ያላቸው 12.9 በመቶ ናቸው። በአገር አቀፍ ደረጃ 33 በመቶ ገደማ ነው። ይሄ ልዩነት የፍላጎት ማነስ ቢሆን ኖሮ የትምህርት ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ክምር ባልኖረ። እኔ የምጠብቀው ምልክት አንድ ነው፦ ያቺ ሴት ዝርዝሩን ስታወጣ መስመሩን የምታሰምርበት ቦታ ስታጣ።